ታይታኒየምን በትንሽ ቶርኖ እንዴት መቁረጥ ይቻላል

ታይታኒየም የፋብሪካ ማሽን ካልሆነ አይነካም የሚል አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ አለ። በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ቶርኖም (ብረቱን እያሽከረከረ በሚቆርጥ ማሽን) ይቆረጣል፤ ያውም በሚያምር ሁኔታ። መቁረጫ የሚያስጨርሰው ጥንካሬው አይደለም፤ ከእሱ የሚጠነክሩ የብረት ዓይነቶች ሞልተዋል። ችግሩ ሙቀት አለማስተላለፉ ነው። በብዛት የሚገኘው ግሬድ 5 የተባለው ቅይጥ፣ 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ያለበት፣ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከተለመደው አሉሚኒየም ከ20 እጥፍ በላይ ያንሳል። ሲቆረጥ የሚፈጠረው ሙቀት በሥራው (በሚቆረጠው ቁራጭ) ውስጥ ተሰራጭቶ አይበርድም፤ መቁረጫው ጫፍ ላይ ተከማችቶ ስለቱን ይበላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ሙቀት ለመከላከል የሚደረግ ነው።

በመጀመሪያ ስለ እሳት

ማሽኑን ከማስነሳትዎ በፊት ይህን ያዘጋጁ። ደቃቅ የታይታኒየም ብናኝና እንደ ፀጉር የቀጠነ ፍቅፋቂ ይቀጣጠላል፤ ከተቀጣጠለ ደግሞ ዓይን በሚያጠፋ ነጭ ብርሃን ይነዳል። ውሃ በፍጹም አይደፉበት፤ የሚነደው ታይታኒየም ከውሃው ሃይድሮጂን አውጥቶ ሊፈነዳ ይችላል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራ ማጥፊያም አያጠፋውም። የሚያገለግለው ለብረታ ብረት እሳት የተዘጋጀ ደረቅ ዱቄት ወይም ሙሉ በሙሉ የደረቀ አሸዋ ነው። አንድ ባልዲ አሸዋ እጅዎ በሚደርስበት ቦታ ያስቀምጡ። ፍቅፋቂው በማሽኑ ሥር እንዲከመር አይተዉት፤ በየጊዜው እየጠረጉ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ለብቻው ያኑሩት። የመሳያ ድንጋይ የሚረጨው ፍንጣሪ ወደዚያ እንዳይደርስም ይጠንቀቁ።

መቁረጫውና አያያዙ

ለአሉሚኒየም ተብለው የሚሸጡትን፣ ፊታቸው የተወለወለና ሽፋን የሌላቸውን ተለዋጭ የካርባይድ (በጣም ጠንካራ የመቁረጫ ቁስ) ስለቶች ይምረጡ። ለብረት የሚሠሩት ስለቶች ጠርዛቸው ሆን ተብሎ የደነዘ ስለሆነ ትንሹን ማሽን ያስጨንቁታል። የጫፉ ክብነት 0.2 ወይም 0.4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። በእጅ የተሳለ የሃይ ስፒድ ብረትም (ቢግልም ስለቱን የሚይዝ የመቁረጫ ብረት) ይሠራል፤ ነገር ግን በጥሩ የዘይት ድንጋይ ተወልውሎ ጥፍርን የሚልግ ስለት ሊኖረው ይገባል።

የመቁረጫውን ከፍታ በትክክል ከሥራው መሐል ጋር ያስተካክሉ። የማይንቀሳቀሰውን ተንሸራታች ሁሉ ቆልፉ፣ ልቅ የሆነውን አጥብቁ። ሥራው ከመያዣው ወጥቶ የሚታየው ርዝመት ከዲያሜትሩ ሁለት እጥፍ ካለፈ በሌላው ጫፍ ድጋፍ ያድርጉለት፤ ታይታኒየም ሲገፋ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይለመጣልና።

ፍጥነቱ

ለሃይ ስፒድ ብረት በደቂቃ 12 ሜትር፣ ለካርባይድ 40 ሜትር ያህል ጥሩ መነሻ ነው። ይህን ቁጥር በ318 አባዝተው ለሥራው ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ሲያካፍሉት የማሽኑን ዙር ያገኛሉ። ባለ 20 ሚሊ ሜትር ዘንግ ከሆነ በሃይ ስፒድ ብረት በደቂቃ 190 ዙር ገደማ፣ በካርባይድ 630 ዙር ገደማ ማለት ነው። የመቁረጫው ጉዞ በአንድ ዙር 0.1 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዙሩን መቀነስ ሁልጊዜ ይቻላል፤ ጉዞውን መቀነስ ግን ሥራን ያበላሻል። ማቀዝቀዣ ፈሳሹ ሳይቋረጥ ይፍሰስ፤ እየቆየ ጠብ የሚል ከሆነ የጋለውን ስለት በድንገት እያቀዘቀዘ ይሰነጥቀዋል።

ይቁረጡ፣ አይሹት

የመጀመሪያውን የታይታኒየም ፒን ስሠራ 12 ሚሊ ሜትር ለመድረስ 0.04 ቀርቶኝ ነበር። በብረት እንደለመድኩት መቁረጫውን በጣም በትንሹ አስጠግቼ ሄድኩበት። ፍቅፋቂ አልወጣም፤ ቀጭን ሲጥሲጥታ ብቻ ተሰማ፣ ላዩም እንደ መስታወት አበራ። ስለካው ያው ነው። ደገምኩት፤ አሁንም ያው። በሦስተኛው መቁረጫው በድንገት ነክሶ ገባና ፒኑ 11.93 ሆነ። ስለቱን በማጉያ መነጽር ስመለከተው ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኗል፣ ጥቃቅን የታይታኒየም ቅንጣቶችም ተበይደውበታል።

ስለቱ ሥራውን ከመቁረጥ ይልቅ ሲሸው ሥራው ተለምጦ ይሸሻል፣ ላዩ ይጠነክራል፣ ሙቀቱም ይከማቻል። ስለዚህ ለመጨረሻ ጊዜ የሚነሣው ከ0.2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ባያንስ ይመረጣል። እኔ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው፦ ዲያሜትሩ 12.80 ላይ ሲደርስ ቆሜ የቀረውን ለሁለት እኩል እከፍላለሁ። ሥራው ስለሚሽከረከር ዲያሜትሩ የሚቀንሰው በጥልቀቱ እጥፍ ነው። መጀመሪያ 0.2 ጥልቀት እቆርጥና 12.40 ስጠብቅ፣ ሥራው ስለተለመጠ፣ ለምሳሌ 12.43 አገኛለሁ። እንዲበርድ ጠብቄ፣ ለሁለተኛው 0.215 አስገባለሁ። ጥልቀቱ ከፊተኛው ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ የሚለመጠውም ያንኑ ያህል ነው፤ ፒኑ 12.00 ላይ ያርፋል።

መቁረጫው ሥራውን እየነካ በፍጹም አይቁም። ለማየት ወይም ለመለካት ከፈለጉ አስቀድመው ያርቁት። ረጅም ጥቅልል ፍቅፋቂ ከተጠማዘዘ ማሽኑን አጥፍተው በሜንጦ ያውጡት፤ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው። ድምፁ ከተለወጠ ወይም ፍቅፋቂው ቀለሙን ቀይሮ ወደ ሰማያዊ ካደላ ስለቱ ደንዝዟልና ወዲያው ይቀይሩት። በደነዘዘ ስለት አንድ ዙር ልጨርስ ማለት እሳት የሚነሣበት አንዱ ምክንያት ነው።

መብሳትና ጥርስ ማውጣት

አጭርና ኮባልት ያለበት መሰርሰሪያ ይጠቀሙ፤ ለ5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በደቂቃ 600 ዙር ይበቃል። ጠንከር ብለው ይግፉ፣ ፍቅፋቂውን ለማውጣት ቶሎ ቶሎ ይመልሱት፣ ውስጥ ግን ሳይገፉ አያሽከርክሩት። ለኤም 6 (ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን) የውስጥ ጥርስ፣ ማለትም ብሎኑ ለሚገባበት ጥምዝ፣ ቀዳዳውን በተለመደው 5.0 ሳይሆን በ5.2 ይብሱ፤ የጥርሱ ጥልቀት ትንሽ ቢቀንስም ጥርስ ማውጫው ውስጥ ተሰብሮ ከመቅረት ይድናል። ወፍራም የመቁረጫ ዘይት በብዛት ያድርጉ።

ታይታኒየምን ከታይታኒየም ጋር በጥርስ ከማገናኘትዎ በፊት ደግሞ መጣበቅን የሚከላከል ቅባት ይቀቡት። በደረቁ ከጠበቀ ሁለቱ ተነካክሰው አንድ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ መፍቻው በመጋዝ ብቻ ነው።