ከወሊድ በኋላ በቆዳ ላይ የሚታዩ ለውጦችን እንዴት መንከባከብ ይቻላል?

ፊት ላይ የወጣ ማድያት፣ ሆድ ላይ የቀረ ሸንተረር፣ ብጉርና የሚነቃቀል ፀጉር የወለዱ እናቶችን ያሳስባሉ። አብዛኞቹ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ከሚከሰተው የሆርሞን መለዋወጥ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ በወራት ውስጥ በራሳቸው እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ በመሆኑም ቆዳን ባንዴ ለመለወጥ ከመጣደፍ ይልቅ፣ በሚያገግምበት ጊዜ የሚጎዳውን ነገር ማራቅና ሐኪም የሚያስፈልገውን ችግር ቶሎ መለየት ይበልጣል።

በመጀመሪያ ቆዳዎን በቀን ብርሃን በደንብ ይመልከቱ። በግንባር፣ በጉንጭና ከላይኛው ከንፈር በላይ በሁለቱም ወገን ተመሳስሎ የሚወጣ፣ የማያሳክክና የማያም ቡናማ ጥላ አብዛኛውን ጊዜ ማድያት ነው፤ ከእምብርት ወደ ታች የወረደው ጥቁር መስመርም ጉዳት የለውም። በአንጻሩ ትኩሳት፣ መግል የያዘ ወይም የተከፈተ የቀዶ ሕክምና ቁስል፣ ያበጠና የሚያቃጥል ጡት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ወይም ሽፍታ ሳይኖር መላ ሰውነትን የሚያሳክክ ስሜት ካለ በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በግልጽ ላይታይ ስለሚችል፣ ቦታውን በእጅ ዳስሶ ሙቀቱንና መጠጠሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ፊትዎን ከፀሐይ ይከላከሉ፤ ይህ ካልተደረገ ለማድያት የሚወሰድ ማንኛውም ሕክምና ውጤቱ አይዘልቅም። ኤስፒኤፉ (ከፀሐይ የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለምታጠባ እናት ተስማሚ ነው፤ ዓይን የሚያየው ብርሃንም ማድያትን ስለሚያጠቁር፣ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት ባለቀለም ዓይነት ቢገኝ ይመረጣል። በሁለት ጣቶች ርዝመት ልክ አውጥተው ፊትና አንገትዎን ያዳርሱ፤ ውጭ ከቆዩ በየ2 ሰዓቱ ይድገሙት።

አጥብቄ የማሳስበው ሦስተኛውን እርምጃ ነው፦ ፊት ያቀላሉ ተብለው የሚሸጡ፣ ይዘታቸው በግልጽ ያልተጻፈባቸውን ቅባቶች አይጠቀሙ። አንዳንዶቹ ጠንካራ ስቴሮይድ (በሐኪም ትእዛዝ ብቻ መቀባት ያለበት የቆዳ ብግነት ማስታገሻ) አለባቸው፤ በመጀመሪያ ፊትን ጥርት የሚያደርጉ ቢመስሉም፣ ውለው አድረው ቆዳውን ያሳሱታል፣ ብጉር ያወጡበታል፣ ሲቋረጡም ችግሩ ብሶ ይመለሳል። ሜርኩሪ ያለባቸው ደግሞ በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብተው ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳሉ፤ በጡት ወተትና በንክኪም ወደ ሕፃኑ ሊደርሱ ይችላሉ። ሬቲኖይድ (ከቫይታሚን ኤ ጋር የሚዛመድ መድኃኒት) እና ሃይድሮኪኖን (ቆዳ የሚያቀላ መድኃኒት) ያለባቸውንም በማጥባት ጊዜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀቡ።

የጡት ጫፍ ከተሰነጠቀ ብዙውን ጊዜ መንስኤው ሕፃኑ ጡቱን በትክክል አለመጉረሱ ስለሆነ፣ ቅባት ብቻውን አያድነውም። ሕፃኑ አፉን በሰፊው እስኪከፍት ይጠብቁና ከጫፉ ጋር በዙሪያው ያለውን ጠቆር ያለ ክፍል አብሮ እንዲጎርስ ያድርጉ። ካመመዎት ጎትተው አያላቁት፤ ንጹሕ ትንሽ ጣትዎን በአፉ ጥግ ሲያስገቡ ይለቃል። ካጠቡ በኋላ ጥቂት የጡት ወተት ቀብተው በአየር ያድርቁት፤ ጫፉን በሳሙና አይጠቡት።

በቀዶ ሕክምና ከወለዱ ቁስሉን ሐኪም በነገረዎት መሠረት በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁና ሳይፈትጉ ያድርቁ፤ በተለይ የሆድ እጥፋት የሚያርፍበት ከሆነ እርጥበት እንዳይታቆርበት ይጠንቀቁ። ከዳነ በኋላ ጠባሳው ከቁስሉ ድንበር አልፎ እያበጠ ከሄደ ኪሎይድ ሊሆን ስለሚችል ገና ትንሽ ሳለ ይታዩ።

ሸንተረርን የሚያጠፋ ቅባት የለም፤ ማለስለሻ ማሳከኩን ይቀንሳል፣ ቀለሙ ደግሞ በጊዜ ይደበዝዛል። ፀጉርም ከወሊድ በኋላ ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ በብዛት መነቃቀል ይጀምርና አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ሳይሞላ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ወይም ከባድ ድካም ካለ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልጋል።

ማድያቱ ከዓመት በኋላም ካልቀነሰ የቆዳ ሐኪም ያማክሩ። የሚያጠቡ መሆንዎን አስቀድመው ከነገሩ፣ ሐኪሙ እንደ አዜላይክ አሲድ ያለ ከማጥባት ጋር የሚስማማ መድኃኒት ሊመርጥልዎ ይችላል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ማድያትን ስለሚያባብስ፣ የሚወስዱትንም መቆጣጠሪያ አብረው ይንገሩት።