ቀዳዳው ክፍት ነው ወይስ ድፍን?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ከቤታችን ፊት ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱበት ሣር አለ። ከኋላ ደግሞ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳምና አራት መደብ ድንች አለኝ።

አምና በጸደይ ሣሩ እንደ ደም ሥር ተነፋፍቶ አገኘሁት። ስረግጠው እግሬ ሰመጠ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ድንቹን ስቆፍር ደግሞ ብዙው ውስጡ ተቦርቡሮ ልጣጩ ብቻ ቀርቷል። ያደግኩት ደብረ ማርቆስ አጠገብ ነው። እዚያ ድንች ከሥር ከተበላ ማን በላው ተብሎ አይጠየቅም፤ ፍልፈል ነው። ስለዚህ ሣሩን ያነሳውም ድንቹን የበላውም አንድ ነው ብዬ ወጥመድ ገዛሁ። የሣሩን ያዝኩት። ድንቹ ግን መበላቱን አላቆመም።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍልፈል ሲይዙ የኖሩ ናቸው። መንገዱን ይከፍቱና ሸምቀቆ ያስገባሉ፣ ገመዱን ከጎበጠ ዘንግ ጋር ያስራሉ። ፍልፈሉ የተከፈተውን ሊደፍን አፈር እየገፋ ሲመጣ ዘንጉ ይስፈነጠራል። ደወልኩና ስልኩን ወደ ድንቹ መደብ አዞርኩላቸው።

«ቀዳዳው ክፍት ነው ድፍን?» አሉኝ።

«ክፍት ነው፣ ሁለት ጣት ያስገባል።»

«እንግዲያው ፍልፈል አይደለም። ፍልፈል በሩን ከፍቶ አያድርም። አይጥ ፈልጊ።»

ልክ ነበሩ። እዚህ አገር ሣር የሚያነሳው ሞል ይባላል። እኛ ፍልፈል እንለዋለን እንጂ ከአገራችን ፍልፈል ጋር ዘመድ አይደለም። የእኛው ከአይጥ ወገን ነው፣ ረጃጅም የፊት ጥርሶች አሉት፣ ሥር ይበላል። ሞል ግን ትል በል ነው። ዋና ምግቡ የአፈር ትል ነው፣ የጥንዚዛ እጮችንም ይበላል። እኔ የያዝኩት ከእጄ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ፀጉሩ እንደ ከፋይ ነው፣ ዓይኑ አይታይም። የፊት እጆቹ ሰፋፊ ናቸው፣ መዳፋቸው ወደ ውጭ የዞረ፣ ልክ እንደ አካፋ። ድንች የሚቦረቡርበት ጥርስ የለውም።

ድንቹን የበላው ቮል የሚባል ጅራተ አጭር የሜዳ አይጥ ነው። ሞል በቆፈረው መንገድ እየገባ ሥር ይበላል። ስለዚህ ወጥመድ ከመግዛታችሁ በፊት ማን እንደሆነ ለዩ። ከፍ ብሎ የተነፋ መንገድ ወይም የአፈር ቁልል ካለና ቀዳዳ ከሌለ ሞል ነው። ክፍት ቀዳዳ ካለ ቮል ጠርጥሩ። ከቀዳዳው አጠገብ የፖም ቁራጭ አድርጉና የአበባ ማሰሮ ድፉበት። በማግስቱ ተግጦ ካገኛችሁት ቮል ነው።

ለቮል ተራ የአይጥ ወጥመድ ይበቃል። ኦቾሎኒ ቅቤ ቀቡትና በመንገዱ ላይ አግድም አስቀምጡት፣ በሣጥን ክደኑት። መደቡ ላይ የተከመረውን ቅጠልና ገለባ አንሱ፣ መደበቂያው እሱ ነው። መደብ አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ግን ከሥሩ ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የሽቦ መረብ አንጥፉ። ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ነው።

ወደ ሞሉ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ልተወው ወይ ብላችሁ አስቡ። ጓሯችሁ ጥግ ላይ ከሆነ በእግር ተጭኖ ማለፍ ይበቃል። ሞሉ አፈሩንም ያናፍሳል። ልጅ ወይም አረጋዊ የሚሄድበት ሣር ላይ ከሆነ ግን ይያዝ፤ እግር ወለም ይላል።

ዋናው ሥራ መንገዱን መምረጥ ነው። ጠመዝማዛው መንገድ አንድ ጊዜ ለምግብ ሄዶበት የማይመለስበት ሊሆን ይችላል። በአጥር ወይም በእግረኛ መንገድ ጥግ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ፈልጉ። አምስት ስድስት ቦታ በእግራችሁ ተጫኑትና ምልክት አድርጉ። በማግስቱ ተመልሶ የተነሳው ቦታ ይመላለስበታል ማለት ነው። መቀስ የሚመስለውን ወጥመድ እዚያ ትከሉ። አፈሩን መልሳችሁ መንገዱን በስሱ ድፈኑት፤ ሞሉ ሊከፍት ሲገፋ ወጥመዱ ይፈነጠራል። የአባቴ ሸምቀቆም የሚሠራው በዚሁ ጠባዩ ነው። ባልዲ ድፉበትና ድንጋይ ጫኑበት፣ ልጅም ውሻም እንዳይነካው። በሁለት ቀን ካልያዘ ቦታ ቀይሩ። አፈሩ እርጥብ በሆነበት በጸደይና በመከር ይሻላል፤ በደረቁ በጋ ወደ ታች ይወርዳል። ሲያትል ላላችሁ ግን፣ በዋሽንግተን ስቴት አካል ጨብጦ የሚይዝ ወጥመድ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕዝብ ድምፅ ስለታገደ መጀመሪያ ሕጉን ጠይቁ።

ሞል ያባርራሉ የሚባሉት ማስቲካ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የሚንቀጠቀጥ እንጨት፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። እህል ላይ የተቀባ መርዝም ሞል አይነካውም፣ እህል አይበላማ። ውሻችሁ ግን ይበላዋል። እጩን በመድኃኒት መግደልም አያስለቅቀውም፣ የአፈር ትል እስካለ ድረስ ይቆያል። ምጣድ የምናሟሽበት የጉሎ ዘይት በውሃ ተበጥብጦ ሲረጭ ለጥቂት ሳምንት ሊያርቀው ይችላል፤ የሚሄደው ግን ወደ ጎረቤት ነው።

ዘንድሮ አራቱም መደብ ሥር ሽቦ አለ። ድንቹ ሙሉውን ወጣ፤ ለአባቴ በስልክ አሳየኋቸው። አጥሩ ጥግ ያለውን ሞል አልነካሁትም። ጠዋት ጠዋት መንገዱን ተጭኜው አልፋለሁ፣ ማታ ተመልሶ ተነፍቶ አገኘዋለሁ።