«አንከት ጄምስ»ን ከሚወራረድ ሰው ጋር ለማየት

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ፊልሙ (በእንግሊዝኛ Uncut Gems) እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው፣ ወንድማማቾቹ ጆሽና ቤኒ ሳፍዲ ያዘጋጁት ነው። አዳም ሳንድለር በውርርድ ዕዳ የተዘፈቀውን የኒው ዮርክ ጌጣጌጥ ነጋዴ ሃዋርድ ራትነርን ሆኖ ይሠራል። ዕድሜዬን በባንክ የብድር ክፍል ያሳለፍሁ ሴት ነኝና ይህን ፊልም የማየው እንደ ብድር ሰነድ ነው። በኳስ ከሚወራረደው የእህቴ ልጅ ጋርም ያየሁት በዚሁ መንገድ ነው።

ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ክፈሉት። በአንደኛው ሃዋርድ እጅ የገባውን ገንዘብ ወይም ዕቃ፣ በሁለተኛው የማን እንደሆነ፣ በሦስተኛው የት እንዳደረሰው ጻፉ። ሁለተኛው ዓምድ ዋናው ነው። ጽሑፉን የሚወራረደው ሰው ራሱ ይያዘው፤ እናንተ አታርሙት።

የመክፈቻውን ትዕይንት አትዝለሉ። እኔ የወሎ ልጅ ስለሆንሁ እዚህ ላይ እቆያለሁ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 2010፣ ቦታው ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ የሚቆፈርበት የወሎ ማዕድን ነው፤ እግሩ የተሰበረ ሠራተኛ ጓደኞቹ ተሸክመውት ይወጣል፤ በዚያ ግርግር መካከል ሌሎች ሁለት ቆፋሪዎች ጥቁሩን ኦፓል ፈልቅቀው ያወጡታል። ሃዋርድ ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ብሎ ተስፋ የሚጥልበት ድንጋይ ይህ ነው። የተሰበረውን እግር በሁለተኛው ዓምድ አስፍሩት፤ ከዚያ በኋላ በፊልሙ ውስጥ ማንም አያነሣውም።

ከዚህ በታች ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምናገር፣ አስቀድሞ ማወቅ የማይፈልግ ሰው ፊልሙን አይቶ ይመለስ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ሃዋርድ በጋብቻ ለሚዛመደው አበዳሪ ለአርኖ 100,000 ዶላር ዕዳ አለበት። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኬቨን ጋርኔት፣ ራሱን ሆኖ፣ ሱቁ መጥቶ ኦፓሉን ይዋሳል፤ የእ.ኤ.አ. 2008 የሻምፒዮንነት ቀለበቱንም መያዣ ያደርጋል። ጋርኔት ከሱቁ እንደወጣ ሃዋርድ ቀለበቱን ለሌላ ሰው አስይዞ ይበደርበታል፤ ገንዘቡንም ጋርኔት በዚያ ምሽት በሚጫወተው ጨዋታ ላይ ይወራረድበታል። ፊልሙን እዚህ ላይ አቁሙት። «ቀለበቱ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱ እስኪጻፍ ጠብቁ። ባንክ ውስጥ መያዣ ማለት አደራ ነው፤ አበዳሪ የተቀበለውን መያዣ ሸጦ ወይም አስይዞ አይቆምርበትም። እኔ በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም።

ውርርዱ ይሠምራል። ግን አርኖ አስቀድሞ አስቁሞት ኖሮ ለሃዋርድ አንድም ሳንቲም አይደርሰውም። አርኖ የሚለው፣ የተወራረድህበት ገንዘብ የእኔ ነው ነው፤ ሁለተኛውን ዓምድ ብታዩ እውነቱን ነው። ኦፓሉ ለሽያጭ የሚቀርብበትን ጨረታ በፍጥነት እለፉት፤ የሚስቱ አባት ዋጋ እንዲያስወድድለት ተለምኖ ድንጋዩን ራሱ ታቅፎ እንደሚቀር ማስፈር ይበቃል።

ብዙ ጊዜ የምትፈልጉት ለመጨረሻው ነው። ጋርኔት ኦፓሉን በ165,000 ዶላር ይገዛል። አርኖና ሰዎቹ እዚያው ቆመዋል፤ ዕዳው ሊዘጋ ይችላል። ሃዋርድ ግን ገንዘቡን በሙሉ ለፍቅረኛው አሸክሞ፣ የጋርኔት ቡድን በሆነው በሴልቲክስና በሴቨንቲሲክሰርስ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ እንድትወራረድለት ይልካታል። አሸንፎም ከሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛል፤ ደስታውን ሳይጨርስ ከአርኖ ሰዎች አንዱ ተኩሶ ይገድለዋል።

የሚወራረድ ሰው «አየሽ፣ ግምቱ ትክክል ነበር» ይላል። የእህቴ ልጅም ብሎኛል። ስለ ግምቱ አትከራከሩት፤ በእርግጥም ትክክል ነበር። ወረቀቱን ወደ እሱ መልሱና በሁለተኛው ዓምድ «የሃዋርድ» ተብሎ የተጻፈበትን መስመር ፈልግ በሉት። ራሱ ይፈልግ፤ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

ከዚያ ፈቃደኛ ከሆነ ሌላ ወረቀት ስጡትና የራሱን ሦስት ዓምዶች ይሙላ፦ የዘመድ ብድር፣ የዕቁብ ገንዘብ፣ የቤት ኪራይ። በእናቱ ፊት አታድርጉት፤ ሰው ያፈረበትን ዕዳ ይደብቃል፣ የተደበቀው ደግሞ በሌላ ብድር ይሸፈናል። ልትረዱት ከወሰናችሁ በእጁ ጥሬ ገንዘብ አትስጡት። ወደ አበዳሪው አብራችሁት ሂዱ፣ ክፈሉ፣ የተከፈለበትን ወረቀት አስፈርማችሁ ተቀበሉ።