ልጅ በማስከተብ ረገድ ጎጃም ውስጥ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በጎጃም ገጠር «ልጄን ጨርሶ አላስከትብም» የሚል ወላጅ ብዙ አይገጥምም። ክትባቱ በነፃ ነው፤ የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። ወላጅ ክትባቱ ለምን በዚያ ዕድሜ እንደሚሰጥ ካላወቀ፣ ቀኑ ቢያልፍም ግድ አይሰጠውም።

ክርስትናን መጠበቅ

ይህ ይበልጥ የሚጎዳው ሴቶቹን ሕፃናት ነው። አራስ ከክርስትና በፊት ከደጅ በማትወጣበት ቤት ወንዱ በ40 ቀኑ ይጠመቃል፤ የ6ኛው ሳምንት ክትባት የሚውለው በ42ኛው ቀን ስለሆነ ይደርስበታል። ሴቷ የምትጠመቀው ግን በ80 ቀኗ ነው። እስከዚያ የ6ኛውም የ10ኛውም ሳምንት ክትባት ያልፋታል። በእነዚህ ቀናት ከሚሰጡት አንዱ ትክትክን ይከላከላል፤ ትክትክ ደግሞ የሚበረታው ገና ጥቂት ወር በሆናቸው ሕፃናት ላይ ነው። ሥርዓቱን ማፍረስ አያስፈልግም። አያቷ ወይም አባቷ አቅፎ ይውሰዳት፤ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቤት ድረስ መምጣት ትችል እንደሆነ ጠይቁ። «የሴት ጉዳይ ነው» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ የሚቀመጥ አባት ግን ምክንያቱ አይገባኝም።

«በ9 ወሩ ጨርሷል» ማለት

ታላቅ ወንድሙ በ9 ወሩ ጨርሶ ይሆናል። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር እንዲሰጥ የተጨመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በ9 ወር ከሚከተቡ 100 ሕፃናት ኩፍኝን የመከላከል አቅም የሚያገኙት 85 ያህሉ ብቻ ናቸው። የእርስዎ ልጅ ከቀሩት አንዱ ይሁን አይሁን በዓይን አይታይም።

የክንዱን ቁስል በቅቤ ማሸት

ሲወለድ የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ያብጣል፣ ይመግላል፣ ደርቆም ጠባሳ ይተዋል። ደንበኛ ባሕርዩ ነው። ቅቤም ቅጠልም አያስፈልገውም፤ ንጽሕናው ይጠበቅ።

ለጉንፋን ብሎ መቅረት

ቀላል ሳልና ንፍጥ ክትባት አይከለክሉም። ከክትባቱ በኋላ የሚመጣው ትኩሳትም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይበርዳል።

ቀኑን ሳይጠይቁ መሄድ

ሰው ሩቅ መንገድ ተጉዞ «ሌላ ቀን ተመለሱ» ሲባል ይቆጣል፤ እውነት አለው። የኩፍኝ ክትባት ግን ዱቄት ነው፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጆች ይሆናል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ትርፉ ይደፋል። ሠራተኛዋ ለአንድ ልጅ ብላ ለመክፈት የምትሳሳው ለዚህ ነው። የክትባቱን ቀን አስቀድሞ መጠየቅና ልጅ ያላቸውን ጎረቤቶች ይዞ መሄድ ይሻላል።

«ካለፈ አለፈ» ብሎ መተው

ብዙ እናቶች የሚቀሩት ቁጣን ፈርተው ነው። ያለፈው ክትባት ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከሀ አይጀመርም። ካርዱ ጠፍቶም ከሆነ ልጁን ይዞ መሄድ ነው፤ ክትባቱ የተመዘገበበት መዝገብ ጤና ኬላው ውስጥ ይፈለጋል።