ሎሚው ድስቱ ከወረደ በኋላ

ሥጋ በማይገዛበት ሳምንት ድፍን ምስርና ጎመን ብረት ይሰጣሉ፤ ግን ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው ዓይነት አይደለም። ዘዴው ሎሚ ነው፤ ቫይታሚን ሲው ሰውነት ብረቱን እንዲወስድ ያግዛል። 1 ብርጭቆ ምስር ለቅማችሁ እጠቡና በ3 ብርጭቆ ውሃ 25 ደቂቃ ያህል ቀቅሉ። ቲማቲም ምስሩ ሳይበስል አትጨምሩ፤ ኮምጣጣው አላበስል ይላል፣ ከሰልም ይፈጃል። ሽንኩርቱን በደረቁ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ አቁላሉት፤ ዘይት 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ጎመኑን ሳትከትፉ እጠቡ፤ ከተከተፈ በኋላ ከታጠበ ቫይታሚኑ ከውሃው ጋር ይፈሳል። የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ላይ ጨምሩት። የግማሽ ሎሚ ጭማቂ የሚገባው ሳህን ላይ ነው፤ ቫይታሚን ሲ እሳት አይወድም። ሻይና ቡናው (ይህ ይከብዳል፣ እናውቃለን) ከምግቡ በኋላ 1 ሰዓት ይቆይ፤ አብሮ ከተጠጣ ብረቱን አስሮ ያስቀረዋል።