አዲስ ሃርድ ዲስክ ገጥማችሁ ኮምፒውተሩ ከተንቀራፈፈ፦ ችግሩና መፍትሄው

ኬብሉ በደንብ ገብቷል፣ ዲስኩ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው ሴቲንግ) ላይ ይታያል፣ ቫይረስም የለም ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክት፦ ዴስክቶፑ እስኪመጣ ቡና ተፈልቶ ይደርሳል። ታስክ ማናጀር ስትከፍቱ ዲስክ 100% ላይ ተቸክሏል፣ የሚያነበው ግን በሴኮንድ 1 ወይ 2 ሜጋባይት ነው። ሰው ሁሉ ራም ጨምሩ ይላችኋል፣ ትጨምራላችሁ፣ ምንም ለውጥ የለም።

መንስኤ፦ ዲስኩ አርጅቷል። እኔ ጋ ከሚመጣው አብዛኛው "ብራንድ ኒው" ተብሎ የተሸጠ ከሴኪዩሪቲ ካሜራ የወጣ ዲስክ ነው። በርካሽ የተገኘ ፐርፕል ወይ ስካይሃውክ (የዌስተርን ዲጂታልና የሲጌት የካሜራ ዲስኮች) ከሆነ ጠርጥሩ። ዲስኮቹ መጥፎ ሆነው አይደለም፣ ቀን ከሌት እንዲጽፉ ነው የተሠሩት፣ ለካሜራ አሪፍ ናቸው። ግን ዲቪአር (የካሜራ መቅጃ ሳጥን) ውስጥ ስንት ዓመት በሙቀት ተቀቅሎ በስፒሪት ተወልውሎ ላስቲክ የለበሰን ዲስክ አዲስ ብሎ መሸጥ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

እንዴት ታውቃላችሁ? ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን የዲስክ ጤና የሚያሳይ ሶፍትዌር አውርዱ፣ ነጻ ነው። ፓወር ኦን አወርስ የሚለውን እዩ፣ ዲስኩ በርቶ የቆየበት ሰዓት ነው። 1 ዓመት 8,760 ሰዓት ስለሆነ 26,000 ካለ 3 ዓመት ገደማ ሳይተኛ ሠርቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ፓወር ኦን ካውንት፣ ስንቴ እንደበራ ማለት ነው። የቤት ኮምፒውተር በየቀኑ ስለሚጠፋና ስለሚበራ ይሄን ያህል ሰዓት እስኪሞላ ካውንቱ ሺዎች ይገባል፣ የካሜራ ዲስክ ግን የሚጠፋው መብራት ሲሄድ ነው። ስለዚህ 26,000 ሰዓት ላይ ካውንቱ 200 ከሆነ እያነበባችሁ ያላችሁት የዛ ሰፈር መብራት ስንቴ እንደጠፋ ነው።

አንዱ ደንበኛ እሽጉን በእጄ ነው የቀደድኩት ብሎ ይምላል። እውነቱን ነው፣ እሱ ነው የቀደደው። ግን የብሎን ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ተልጧል፣ የሳታ ጥርሶቹ ላይ ኬብል ሲገባ ሲወጣ የፋቀው መስመር አለ፣ ሶፍትዌሩ የሚያወጣው ሲሪያል ነምበርም ከተለጠፈው ወረቀት ጋ አይገጥምም። ሌላዋ ደግሞ "ባዶ ነው እኮ፣ ዊንዶውስ ራሱ ፎርማት ላድርገው አለኝ" ትላለች። ብዙ ዲቪአር የሚጠቀመውን ፎርማት ዊንዶውስ ስለማያነበው ነው ባዶ የሚመስለው። ቆጣሪውን ዜሮ የሚያደርጉም አሉ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች እንደ አዲስ ሲሸጡ የተነቃባቸው ፋርም የሚባለው ሌላ መዝገብ ውስጥ እውነተኛው ሰዓት ስለቀረ ነው። ስማርትኤምኦንቱልስ የሚባለው ሶፍትዌር ከቨርዥን 7.4 ጀምሮ ያነበዋል።

የክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ሰንጠረዥ ላይ አትሸወዱ፣ "ከረንት" የሚለው 100 ስላለ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ሮው ቫልዩ ነው የሚታየው፣ እሱም ሲከፈት በሄክስ (ፊደል የተቀላቀለበት አቆጣጠር) ነው፣ ፈንክሽን፣ አድቫንስድ ፊቸር፣ ሮው ቫልዩስ ገብታችሁ ወደ 10 (ተራው ቁጥር) ቀይሩት። 05 የሚለው መስመር (ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ የዲስኩ ቦታዎች ብዛት) ትንሽ ቁጥር ኖሮት ካልጨመረ ፊልም አጠራቅሙበት፣ ዊንዶውስ ግን አትጫኑበት። ሲ5 (ማንበብ ያቃተው፣ ገና ያልተተካ ቦታ ብዛት) ከዜሮ በላይ ከሆነ ፋይላችሁን ዛሬ ገልብጡ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ! ሳትገለብጡ ቼክዲስክ (የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻና መጠገኛ) እንዳታስነሱ። አንድ ተማሪ ቼክዲስክ አስነስቶ ተኛ፣ ጠዋት ሲነሳ ዲስኩ ባዮስ ላይም የለም፣ መመረቂያ ጽሁፉም አብሮ ሄደ። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ሙሉ ፎርማት አድርጉት፣ ኩዊክ የሚለውን አይደለም፣ 05 ከጨመረ ወይ ሲ5 ተመልሶ ከመጣ አትልፉ፣ በቃ አልቆለታል።

መፍትሄ፦ ለዊንዶውስ 240 ወይ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ)፣ ለፋይል ሃርድ ዲስክ። ብራችሁ ለአንድ ብቻ ከበቃ ኤስኤስዲውን ግዙ። ስትገዙ ሱቁ ውስጥ አሰክታችሁ ሰዓቱን ሳታዩ ብር አትክፈሉ፣ "አሁን ኮምፒውተር የለንም" ካሏችሁ ውጡ።

ምልክት፦ ኮፒ ሲጀምር በ150 ሜጋባይት ይሮጣል፣ ትንሽ ቆይቶ 20 ውስጥ ይገባል። ሃርድ ዲስክ ከሆነ ምናልባት ኤስኤምአር ነው፣ ትራኮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ስለሚጻፉ ረጅም ኮፒ ላይ ይታነቃል። አልተበላሸም፣ ለባክአፕ ይሆናል። ዌስተርን ዲጂታል ራሱ በ2020 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ሬድ ዲስኮቹ ኤስኤምአር መሆናቸውን ያመነው ተጠቃሚዎች ከደረሱበት በኋላ ነው፣ ስለዚህ በቀለም ስም ሳይሆን በሞዴል ቁጥር አጣርታችሁ ግዙ። ርካሽ ኤስኤስዲም ካሹ (ፈጣኑ ጊዜያዊ ማስቀመጫው) ሲሞላ እንዲሁ ይወድቃል።

ያው ሰንጠረዥ ላይ ሲ7 (በኬብሉ ሲተላለፍ የተፈጠረ ስህተት ብዛት) እየጨመረ ከሆነ መጀመሪያ የሳታ ኬብሉን ቀይሩ፣ ዲስኩን አትጣሉ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፣ መጨመሩን ካቆመ ድኗል።

500 ጊጋው 465 ካለ ማንም አልሰረቃችሁም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። 4 ቴራው 2 ብቻ ካሳየ ኤምቢአር የሚባለው አሮጌ የዲስክ አከፋፈል ስለሆነ ወደ አዲሱ ጂፒቲ ቀይሩት፣ ግን ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ስትቀይሩት ያለው ፋይል ይጠፋል። ኤምዶትቱ (ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ቀጭን ኤስኤስዲ) ሰክታችሁ ሃርድ ዲስኩ ከጠፋ የማዘርቦርዱን ማኑዋል እዩ፣ አንዳንዱ ላይ አንድ ሁለት የሳታ ፖርት ይዘጋል።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ካልተነሳ ደጋግማችሁ አታብሩት። ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት የሚላችሁንም አትስሙ!

ከሞሌክስ (አሮጌው ባለ 4 ገመድ የፓወር ሶኬት) ወደ ሳታ የሚቀይረውን ርካሽ አዳፕተር በተለይ ገመዶቹ ፕላስቲኩ ውስጥ አንድ ላይ የቀለጡትን አትጠቀሙ። ውስጡ ሾርት አድርጎ ዲስኩን ያቃጥላል፣ እኔም ጋ ቀልጦ ዲስኩ ላይ የተጣበቀ መጥቷል። ፓወር ሰፕላዩ በቂ የሳታ ገመድ ከሌለው ያለው ፓወር ሰፕላይ ግዙ።