ፈቃድ ወጥቶም ሕሊና ሲቆረቁር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ በየፋብሪካው፣ በየባንኩና በየቢሮው የዓመት ፈቃድ መጠየቅ የሚጨንቃቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ቅጹን ሞልተው ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይከርማሉ። “አሁን እኔ ብወጣ ምን ይሉኛል?” ይላሉ። እንደምንም ከወጡም በኋላ አያርፉም፤ ሐሳባቸው ሥራ ቦታ ነው። ሰው ለፍቶ ባገኘው ቀን እንዲህ ሲሰቃይ ማየት ያሳዝነኛል። አብዛኛው ጭንቀት የሚመጣው ደግሞ ሊስተካከሉ ከሚችሉ ልማዶች ነው።

ፈቃድን የአለቃ ችሮታ አድርጎ ማየት። ችሮታ ከመሰላችሁ ሁሌም ባለ ዕዳ ናችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አምስት ዓመት የሠራ ሰው 18 ቀን አለው ማለት ነው። “ፈቃዴን ትቻለሁ” ብላችሁ ብትፈርሙ እንኳ ውሉ በሕግ ዋጋ የለውም። ማስተላለፍም ቢሆን ከሁለት ዓመት አይበልጥም። መቼ እንደምትወጡ ከአለቃ ጋር ተነጋገሩ፤ የሥራው ሁኔታ መታየት አለበት። መብቱን ግን አትለምኑት።

በውሸት መውጣት። ይኼኛው ከሁሉ ይከፋል። “ደክሞኛል፣ ማረፍ እፈልጋለሁ” ማለት ስለሚያሳፍር “አያቴ አረፉ” ይባላል። እኛ አገር ደግሞ ለቅሶ ቀላል ነገር አይደለም። የሥራ ባልደረቦች ብር ያዋጣሉ፣ መኪና ተፈልጎ ደብረ ሲናም ይሁን መሐል ሜዳ ድረስ ሊመጡ ይነሳሉ፣ መምጣት ያልቻለውም ስትመለሱ እጃችሁን ይዞ “እግዜር ያጽናችሁ” ይላል፤ እናንተም ማንም ሳይሞት አሜን ትላላችሁ። ከተማውም ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ነው፤ ገበያ ላይ እህታችሁና የአለቃችሁ ባለቤት ቢገናኙ ነገሩ ያበቃለታል። ያኔ የሚሰማችሁ ጸጸት ልክ ነው፤ ሰው አታላችኋላ። ሕጉ ለቅርብ ዘመድ ሐዘን ለብቻው ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ሰጥቷል። በውሸት ከተጠቀማችሁበት እውነተኛው ቀን ሲመጣ ማን ያምናችኋል? ደክሟችሁ ከሆነ ደክሞኛል በሉ።

ሥራን ባልደረባ ላይ ጥሎ መሄድ። እዚህ ላይም ሕሊና ቢቆረቁር አይገርምም። የትኛው ደንበኛ ምን እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ደብዳቤ መልስ እንዳላገኘ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ሳይናገሩ መውጣት ጓደኛን መበደል ነው። ግን ለዚህ ብላችሁ ፈቃዱን አትሰርዙ። ቀደም ብላችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፣ ከሚሸፍንላችሁ ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ተረካከቡ፣ እሱ ሲወጣ እናንተ እንደምትሸፍኑለት ቃል ግቡለት። ወንፈልም እኮ እንዲሁ ነው፤ ዛሬ የእሱ ማሳ፣ ነገ የእኔ።

“ካስፈለግሁ ደውሉ” ማለት። ይደውላሉ! የቴሌግራም ግሩፑ ላይም ማታ ማታ መልስ ስትሰጡ ከርማችሁ ፈቃዱ ያልቃል። በአዋጁ መሠረት ፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛ የሚጠራው ያልታሰበ ነገር አጋጥሞ መገኘቱ የግድ ሲሆን ብቻ ነው፤ የመጓጓዣ ወጪውንና አበሉንም አሠሪው ይሸፍናል። አንድ ፋይል የት እንዳለ ለመጠየቅ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ግሩፑን ድምፅ አጥፉበት።

ፈቃድ የማይወጣውን ሰው መለኪያ ማድረግም አለ። የእሱን ጉዳይ ለእሱ ተዉለት።

ቀኑን ሁሉ በሌላ ሥራ መሙላት። ይሉኝታ የያዘው ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ ያሳፍረዋል። ስለዚህ መንዝ ሄዶ አጥር ያጥራል፣ ለሰርግ ድንኳን ይተክላል፣ ለመሬት ጉዳይ ቀበሌ ይመላለሳል፣ ከዚያ ከሄደበት የበለጠ ደክሞ ይመለሳል። ቤተሰብ ማገዝ ደስ ይላል፣ አልቃወምም። ግን ጥቂት ቀን ለራሳችሁ ለዩ። አርፍዳችሁ ተነሱ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ረፋድ ላይ ፀሐይ መሞቅ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያውቃል። ከቻላችሁ አንኮበር ወይም ጓሳ ደርሳችሁ ኑ፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር ሲግጡ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ከዚያ ቀን ምንም “ጠቃሚ” ነገር ባይወጣ ችግር የለውም።

እስኪታመሙ መጠበቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ሥር ከሰደደ የሥራ ጭንቀት የሚመጣን መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዝግቦታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም ማለቅ፣ ሥራን መጥላት ወይም ከሥራው በሐሳብ መራቅ፣ እና ውጤታማነት መቀነስ። ደንበኛ ላይ መጮህ ከጀመራችሁ፣ የምትወዱት ሥራ ካስጠላችሁ፣ ቅጹ ከኪሳችሁ የሚወጣበት ጊዜ ደርሷል።

ስትጠይቁም ረጅም ምክንያት አትደርድሩ። “ከሰኞ ጀምሮ ለአሥር የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ መውጣት እፈልጋለሁ፣ ሥራዬን የሚሸፍንልኝ ሰው አለ፣ ተረካክበናል” በሉ። ቀኑ አይመችም ከተባለ “እሺ፣ መቼ ይሁንልኝ?” ብላችሁ ሌላ ቀን ሳትይዙ ከቢሮው አትውጡ።